ከጆንያው ፊት ያልተንበረከከ አይወጣም

ስልኩ የተደወለው ከምሳ በፊት ነው። እኔ የትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል በር ላይ ቆሜ፣ አራት ወንበር ሊጠግን ወስዶ አሥራ አንድ እግር ብቻ ይዞ በተመለሰ አናጢ ላይ እቀልድ ነበር። ደዋይዋ የእትዬ ወይንሸት ልጅ ናት፤ ከአዲስ አበባ። «ጋሽ ታዬ፣ እማዬ ዐረፈች» አለችኝ። እሑድ አስቀድሰው ሲወጡ ደረጃው ላይ ወደቁ፤ ትናንት ተቀበሩ። እሷው ልታጽናናኝ ፈለገች መሰለኝ፣ «ሰዎቹ ግን እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ቆሞ ያየ የለም። ስድስት ሆነው ተሸክመዋት እስከ መኪና ድረስ ሮጡ» አለች።

ተሸክመዋት ሮጡ።

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። እንደገና ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ እሾህ ሆነብኝ። አናጢውን «እግሮቹን እዚያው ተዋቸው» ብዬ አሰናበትኩና ወጣሁ። ከሐረር በር ወደ ፈላና በር፣ ከፈላና በር ወደ ኤረር በር እያልኩ ግንቡን ዞሬ ጨረስኩት። ጀጎል ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ ቀን በአንድ ሰው ብቻ ተከቦ አያውቅም። እኔን አግኝቶ ሳይስቅ የሄደ ሰው ሐረር ውስጥ የለምና አንዱ መንገድ ላይ «ታዬ፣ ማን እያባረረህ ነው?» አለኝ። «አንዲት ሴትዮ» አልኩት። ሳቀ። እውነቴን ነበር።

እትዬ ወይንሸት የባዮሎጂ መምህርት ነበሩ። የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው፤ ሐረር የመጡት ባለቤታቸው ጋሽ ጌታሁን ለመንግሥት ሥራ ተመድበው ሲመጡ ነው። ቀጭን ናቸው፤ መነጽራቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ጠመኔ አለ። ተቀምጠው ያየኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሳቸው ወንበር ላይ ሸረሪት ሦስት ትውልድ አሳድጋለች ብል የጨመርኩት አንዱን ትውልድ ብቻ ነው። ሲጨብጡህ ጣታቸው ከመዳፍህ አልፎ ወደ አንጓህ ይሄዳል፤ ትርታህን ቆጥረው ነው የሚለቁህ። አንድ ቀን ጠዋት እጄን ይዘው ቆዩና «ሰማንያ ስምንት። ጨው ቀንስ» ብለውኝ ሄዱ። እንዴት አደርክ የለ፣ ደህና ዋል የለ። ሠርግ ቤት ሰው ሙሽራዋን ሲያይ እሳቸው የሽማግሌዎቹን ከንፈር ቀለም ያያሉ። የተጠሩበት ድግስ ላይ ሽማግሌዎቹ ከሳቸው ርቀው ለመቀመጥ ሲሻሙ አይቻለሁ።

እንዲህ የሆኑት ግን ከጊዜ በኋላ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ገና ሥራ ያልያዝኩ ጎረምሳ ነኝ። አንድ ረፋድ ላይ ጋሽ ጌታሁን ከፈላና በር ገባ ብሎ ባለው ጠባብ መንገድ ሽንኩርት እየመረጡ ሳለ ወደቁ። ከባድ ሰው ነበሩ፤ ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር ኪሎ ስለሚጨምሩ አሁን ሁለት ኩንታል ደርሰዋል። መኪና እዚያ አይገባም። ሰው ሲወድቅ ደግሞ ምን ይደረጋል፣ ይነሣል እንጂ። ሰባት ሆነን አነሣናቸው። መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች ሰፈር ለክር ግዢ የወጣው ዩሱፍ በትከሻቸው ገባ፤ በዚያ የሚያልፉት ፖሊስ አሥር አለቃ ደበበ ቀኝ እግራቸውን ያዙ፤ እኔ ግራውን። ሮጥን። አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተካ፣ ሴቶቹ ከፊት «መንገድ ልቀቁ» እያሉ፣ እስከ ሆስፒታል። በሩጫው ላይ ጫማቸው ወለቀ፤ በአንድ እጄ እግራቸውን፣ በሌላው ጫማቸውን ይዤ ደረስኩ። ሐኪሙ ዐይናቸውን ገለጥ አድርጎ አየና አቀረቀረ።

ጫማውን ለእትዬ ወይንሸት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ተቀበሉኝና በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉት።

ያን ሩጫ ለዓመታት አውርቼዋለሁ። ኮርቼበታለሁ። እሳቸውም በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ቀን ለሰባታችንም፣ ክርስቲያን እስላም ሳይሉ፣ በየቤታችን አንድ አንድ ድፎ ዳቦ ይልኩልናል። «ጌታሁንን ለተሸከሙት» ይባላል ዳቦው። የኔን ዳቦ ስበላ ጉልበቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል አድርጎ ቀጠረኝና ከሳቸው ጋር አንድ ግቢ ዋልን። አንድ ዓመት የባዮሎጂ መምህራን ለአምስት ቀን ሥልጠና ድሬዳዋ ተላኩ፤ የመጀመሪያ ርዳታ ይባላል። ሌሎቹ ከድሬዳዋ ሸሚዝና ሽቶ ይዘው ተመለሱ። እትዬ ወይንሸት ባዶ እጃቸውን መጡና ሦስት ቀን ከክፍል ውጭ ቃል አልተነፈሱም። በአራተኛው ቀን የንብረት ክፍሉን በር ገፍተው ገቡ።

«ታዬ፣ ጆንያ አለህ?»

«የምን ጆንያ? የስኳር፣ የሲሚንቶ፣ የማሽላ፣ የሰው?»

«የሰው» አሉኝ። አልሳቁም።

ጆንያውን ይዘን ወደ ዩሱፍ ሄድን። አው ዩሱፍ ነው የሚባለው፤ አው ማለት በሐረሪ የአክብሮት መጥሪያ ነው፤ እኔ ግን ቀልድ ስለምንቋቋም አንተ ነው የምለው። በልብስ ቁርጥራጭ ሞላው፤ ደረቱ ውስጥ፣ ሲጫኑት ወርዶ እንዲመለስ፣ የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ነፍቶ፣ አጥፎ ከተተ። ሰውነት ከሠራለት በኋላ ሱሪና ሸሚዝ አለበሰው፤ ሰው ራቁቱን አይተኛም ብሎ። ፊት ሥራለት ሲሉት ግን አልሆነም። ነፍስ ያለው ነገር ዐይንና አፍ ወላሂ አልሰፋም፣ የቂያማ ቀን አላህ ፊት ቆሜ ነፍስ ዝራበት እባላለሁ አለ። እኔ ሊጣሉ ነው ብዬ በመካከላቸው ለመግባት ተዘጋጅቼ ነበር። እትዬ ወይንሸት ጥቂት አሰቡና «ይሻላል። ፊት ከሌለው ማንም ሊሆን ይችላል» አሉ። ዋጋውን ሲጠይቁት ዩሱፍ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሌላ ነገር አወራ።

ለጆንያው ፊታውራሪ የሚል ማዕርግ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ምቱ መጣ። ደረት የሚጫነው በደቂቃ ከመቶ እስከ መቶ ሃያ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ሲደነግጡ ወይ ይንቀረፈፋሉ ወይ በርበሬ እንደሚወቅጥ ሰው ይደልቃሉ። እትዬ ወይንሸት ሰዓታቸውን ይዘው አንድ ከሰዓት ሙሉ መኪና ግርግር ቆሙ። ሰፊው ሁሉ ግብር ሊጥሉ የመጡ መስሎት ላብ ላብ አለው። የዩሱፍ የእግር መኪና ወፍራም የካኪ ስፌት ላይ ሲሆን መቶ አሥር ይመታል፤ ቆጠሩት፤ ደገሙት፤ መቶ አሥር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን በሰልፍ አምጥተው የዩሱፍ መኪና ፊት ያቆማሉ። ስድሳ ልጅ በጠባቧ መንገድ ላይ መዳፍ በመዳፍ ጭኖ፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ፣ አየሩን ይጫናል፤ ዩሱፍ ይሰፋል። ቱሪስቶች ፎቶ ያነሡ ነበር። አንዱን የጥንት የሐረር ጭፈራ ነው ብዬ ነግሬው አመስግኖኛል።

«ልብ ሞኝ ነው» ይሉ ነበር እትዬ ወይንሸት። «ቢለምኑት አይሰማም፤ ይገፉታል እንጂ።» ሌላም ነበራቸው፤ «የወደቀ ሰው አልጋው መሬቱ ነው» የሚል። ይሄኛውን ብዙም አላዳመጥኩትም። እሳቸው ሲያስተምሩ እኔ ጥግ ላይ ቀልድ ነበር የማዘጋጀው።

የሳቸው ፍላጎት አንድ ነበር፦ ደረት መጫን የማያውቅ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ እንዳይወጣ። ርእሰ መምህሩ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የለም አሉ። የወላጆች ኮሚቴ ሒሳቡን መች ቻሉትና አለ። ሴት ልጅ እንዴት የወንድ ደረት ትነካለች ያለም ነበር፤ እትዬ ወይንሸት «ጆንያ ነው» ብለው መለሱለት። ከስብሰባው ሲወጡ በቀጥታ ወደኔ መጡ። ንብረት ክፍሉን ዞሩት። መደርደሪያውን ነኩ። «ክሊራንስ ላይ ያንተ ፊርማ ከሌለ ልጁ ካርዱን ያገኛል?» አሉኝ።

ያው እኔን ታውቁኛላችሁ። «እንኳን ተማሪ፣ ሚኒስትርም ቢሆን ያለኔ ፊርማ ከዚህ ግቢ አይወጣም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ከጆንያው ፊት ያልተንበረከከ አይወጣም።»

እንዲህ ሆነ። ትምህርት የጨረሰ ሁሉ መጻሕፍቱን መልሶ ክሊራንሱን ሊያስፈርም ሲመጣ ፊታውራሪ ጆንያው ጠረጴዛዬ ሥር ተጋድመው ይጠብቁታል። ሁለት ደቂቃ መጫን፤ ክርን ሳይታጠፍ፤ በዩሱፍ ምት። እትዬ ወይንሸት ከኋላው እየተመላለሱ፣ «ክንድ ቀጥ፤ ወዲያ ልቀቀው፤ አትቁም፤ ደከመኝ ካልክ ሌላ ሰው ጥራ እንጂ አትቁም።» ያለቀሱ ነበሩ። የሳቁ ነበሩ፤ የሳቀ ይደግማል። የአንድ ትልቅ ሹም ልጅ አልንበረከክም ብሎ አባቱ ደወሉ፤ ፊርማ ሲሆን እጄን ይቆረጥመኛል አልኳቸው። ልጁ ተንበረከከ። ከሐረር እስከ ድሬዳዋ መንገድ ላይ ልቡ ሊቆም ያሰበ ሰው፣ የሚወድቀው ከኔ ፊርማ በአንድ ክንድ ርቀት ነበር ብል ትዕቢት አይሁንብኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ መሣሪያው መጣ። ውጭ አገር የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪ ያረጁ ኮምፒውተሮች ሲልክ አንዲት የምሳ ሳጥን የምታክል ነገር ጨመረበት፤ የቆመ ልብ በኤሌክትሪክ የምታስነሣ። ስትከፈት በሴት ድምፅ ትናገራለች። እንግሊዝኛ እንዳይመስላችሁ፤ ከግቢያችን ማንም የማያውቀው የፈረንጅ ቋንቋ ነው። እትዬ ወይንሸት ሥዕሉን እያዩ፣ ከፍተው እየሰሙ፣ ቅደም ተከተሉን በቃላቸው ያዙት። ባትሪው እንዳያልቅ ከዚያ በኋላ አይከፍቷትም፤ ልጆቹን የሚያለማምዱት ራሳቸው እንደሳጥኑ ሴትዮ እየተናገሩ ነው። «መጀመሪያ በቀስታ ታወራለች፤ ያኔ ከሁለቱ ተለጣፊ አንዱን ከቀኝ ትከሻው ሥር፣ አንዱን በግራ ጎኑ ትለጥፋላችሁ። ከዚያ ዝም ትላለች፤ ዝም በሉ። ከዚያ ትቆጣለች። ስትቆጣ እጅ ሁሉ ይነሣል፤ ማንም አይነካውም።» ደብረ ማርቆስ የተወለዱ ሴት በማያውቁት ቋንቋ ሲቆጡ መስማት የዚያ ዓመት ትልቁ መዝናኛዬ ነበር።

ግን ዕቃ ዕቃ ነው፤ እኔ ደግሞ የዕቃ ሰው ነኝ። ሳጥኗን መዝግቤ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼ፣ በሦስት ቁልፍ ቆልፌ አሸግኳት። እትዬ ወይንሸት በየቀኑ ይመጣሉ። ውጭ ስቀላት ይላሉ። ትጠፋለች፣ በኔ ይመጣል እላለሁ። «ልብ ቆሞ አንተን ምሳ ቤት ልንፈልግህ ነው?» ይላሉ። የምበላበትን ቤት አድራሻ በሩ ላይ እጽፋለሁ እላለሁ። በጣም ነበር የምቀልደው።

አንድ ጠዋት ልጆች ጆንያውን ከበው ቆመዋል፤ እኔ ክሊራንስ እፈርማለሁ። ፈቲያ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ልጅ፣ ጥያቄ የማያልቅባት፣ ሰው ሁሉ የወደቀውን ተሸክሞ ሊሮጥ ሲል ምን እናድርግ ብላ ጠየቀች።

«አስቁሙ» አሉ እትዬ ወይንሸት። «ተሸክመውት ሲሮጡ ደረቱን ማን ይጫናል? የሚሮጠው የነሱ እግር ነው። የሱ ደም ቆሟል። ሆስፒታል የሚደርሰው ሬሳ ነው።»

እስኪርቢቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ለዓመታት እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ያን ቀን ሰማሁት። የፈላና በር ጠባብ መንገድ፣ ሽንኩርቱ፣ በእጄ ያለው ጫማ። ሰባታችን። ድሬዳዋ፣ የሦስት ቀን ዝምታ። ከድሬዳዋ በኋላም በየዓመቱ የመጣው ዳቦ።

ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቅኩ። ቀልድ ፈለግኩ፤ አጣሁ።

«እትዬ፣ እኛ ነን የገደልናቸው?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉ። መመላለሳቸውን አላቆሙም፤ ከመደርደሪያው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መደርደሪያው። በመጨረሻ ፊቴ ቆሙ።

«አንተ የያዝከው ግራ እግሩን ነበር» አሉኝ። «ልብ እግር ላይ የለም። ተነሥና ጆንያውን ወደ ቦታው መልስ።»

መለስኩት። ትንሽ ቆይተው ከበሩ ላይ ዞሩና «እኔም እዚያ ብኖር ተሸክሜ እሮጥ ነበር» አሉ። ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ቁልፍ ፈታሁ። ሳጥኗን ከንብረት ክፍሉ በር ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ሚስማር ላይ ሰቀልኳት። ዕቃ ቆጣሪዎች መጥተው የመንግሥት ንብረት እንደ ቋንጣ ሰቅለሃል ብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። እስከ ዛሬ አለኝ፤ ከጋብቻ ወረቀቴ ጋር ነው ያስቀመጥኩት፤ ሁለቱም ማስጠንቀቂያዎች ናቸው።

ወር አልሞላም። ከምሳ ተመልሼ ስመጣ ሚስማሩ ባዶ ነው። ሌባ ነው ብዬ ዘበኛውን ልደነፋበት ስል፣ አንድ ልጅ ይዟት ወደ መኪና ግርግር ሮጧል አለኝ። እኔም ሮጥኩ። በዚያ ሆዴ ሮጥኩ ማለት ሐረር ተናወጠች ማለት ነው።

ደርሼ ያየሁት እንዲህ ነው። ከጉርሱም የመጣ አንድ ገበሬ፣ ለልጁ ሠርግ የሚለብሰውን ሱሪ ሲጠብቅ የዩሱፍ ደጃፍ ላይ ተዘርሯል። ፈቲያ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ሂጃቧን ወደ ኋላ ወርውራ አጠገቡ ተንበርክካ ደረቱን ትጫናለች። ሰው «ገደለችው» ይላል፤ የገበሬው አገር ልጆች ሊያነሡት ይታገላሉ፤ አንዱ በትከሻዋ ይጎትታታል። ዩሱፍ የእንጨት ሜትሩን መዝዞ መካከላቸው ቆሟል። የሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፊ፣ ዝንብ ገፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ሊያነሣ የሚመጣውን ጣት ጣቱን ይለዋል። «አቦ አትንኩት ብያለሁ። መሬት ላይ ይሁን፤ እሷ ትጫነው» ይላል። መኪናው ላይ ደግሞ ሌላውን ሰፊ አስቀምጦ ባዶ ጨርቅ ያሰፋዋል፤ ለምቱ።

ሳጥኗ ተከፈተች። ሴትዮዋ በቀስታ አወራች፤ ፈቲያና ሳጥኗን ያመጣው ልጅ ለጠፉ። ዝም አለች፤ መንገዱ ሁሉ ዝም አለ። ተቆጣች። «እጅ» አለች ፈቲያ። ገበሬው ዘለለ። ወዲያው እንደገና ተጫነችው፤ ጥቂት ቆይቶ አቃሰተና እጇን በእጁ ገፋ።

እትዬ ወይንሸት የደረሱት ያኔ ነው። ተንበርክከው አንጓውን ያዙ። ቆጠሩ። ዐይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩ። ከዚያ ሊነሡ ብለው ተዉትና እዚያው፣ የጨርቅ ቁርጥራጩ መሀል፣ ዘጭ አሉ። ተቀምጠው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፈቲያ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ አንጓዋን ይዘው ትርታዋን ቆጠሩላት።

ማታ ዩሱፍን «ሜትር መዛዡ፣ ማን አስተማረህ?» ብዬ ልቀልድበት ሞከርኩ። «ጆንያውን ያሰፉኝ ቀን ገብቶኛል» አለኝ። «የጌታሁንን ትከሻ የያዝኩት እኔ ነኝ አይደል? ደረቱ እጄ ሥር ነበር። ታዬ፣ ለምን ዋጋ ያልጠየቅኳቸው ይመስልሃል? ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው እያልኩ እተኛለሁ። አንዳንድ ቀን እተኛለሁ።»

እትዬ ወይንሸት ጡረታ ወጡና ልጃቸው ዘንድ አዲስ አበባ ሄዱ። አዲስ ርእሰ መምህር መጣ፤ ክሊራንስ በኮምፒውተር ሆነ፤ የኔ ፊርማ ቀረ። ፊታውራሪ ጆንያው ከተሰባበሩት ወንበሮች ጀርባ ገቡ። በበዓል ቀን እደውልላቸው ነበር። «ልጆቹ ይጫናሉ?» ይሉኛል። «ይጫናሉ» እላለሁ። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ ያልሳቅኩበት ውሸት እሱ ነው።

መርዶው ሲሰማ የዕድሩ ሰዎች እትዬ ወይንሸት ድሮ ይኖሩበት በነበረው ቤት ደጃፍ ላይ ድንኳን ተከሉ። የመጣው ሁሉ እንደ ወጉ እንዴት ዐረፉ ይላል፤ እኔም የሰማሁትን እነግራለሁ። ስድስት ሰው ተሸክሟቸው ሮጠ ስል ድንኳኑ ራሱን ይነቀንቃል፤ ይባረኩ፣ ደግ ሰው አይጥፋ ይላል። በተነቀነቀ ቁጥር እኔ እወጣለሁ፤ እገባለሁ፤ ውሃ አመጣለሁ፤ የማንም ያልሆነ ወንበር አስተካክላለሁ። ጋሽ ጌታሁንን ከተሸከምነው ሰባት ሰዎች የቀረነው ሦስት ነን፦ ዩሱፍ፣ እኔና አሥር አለቃ ደበበ። አሥር አለቃ ሰባውን አልፈዋል፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል ተክለው ተቀምጠዋል።

«እኛም ጌታሁንን እንዲህ ነው ያደረግነው» አሉ ከጎናቸው ላለው ሰው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «አፈር አላስነካናቸውም።»

ዩሱፍ ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ።

ትምህርት ቤት ሄጄ ከተሰባበሩት ወንበሮች ጀርባ ጆንያውን ጎትቼ አወጣሁ። ከመነዳሪው ተንፍሷል፤ የዘበኛውን የብስክሌት ፓምፕ ለምኜ ነፋሁት። አይጥ አንዱን የሱሪ እግር በልታዋለች። ትከሻዬ ላይ ጥዬው በዋናው መንገድ ሮጥኩ፤ ሰው እየዞረ ያያል፤ አንዲት ሴት አማተበች። እትዬ ወይንሸት ቢያዩኝ «መሸከም አይለቅህም» ይሉኝ ነበር።

ድንኳኑ መሀል ምንጣፉ ላይ አጋደምኩት።

«የዚህ ድንኳን ንብረት ክፍል እኔ ነኝ» አልኩ። «ከጆንያው ፊት ያልተንበረከከ አይወጣም።»

አንዱ ሳቀ። ሌላው «ታዬ፣ በሞት አይቀለድም» አለ። ላቤን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ያኔ ዩሱፍ ከተቀመጠበት ተነሣና የንፍሮው ሣህን የተቀመጠበትን ጣውላ ሳበ፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን አሳረፈበት። መታ። ጠክ ጠክ ጠክ ጠክ። ወፍራም ካኪ።

«አሥር አለቃ፣ ከእርስዎ እንጀምር» አልኩ።

ከዘራቸውን ለጎረቤታቸው ሰጡ። እንደ ወታደር ሥርዓት ያለው ትእዛዝ ሲሰሙ እንቢ አይሉም። ደግፈን አንበረከክናቸው። መዳፋቸውን በመዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ የደረቱ አጥንት መሀል፤ ክርን ቀጥ፤ ወደ ታች፤ ወዲያ ይልቀቁት። ተጫኑ። ለዕድሜያቸው ደህና ይጫናሉ። ጆንያው እየወረደ ይመለሳል። የሚሰማው የዩሱፍ እግር ብቻ ነው።

«እስከ መቼ ነው?» አሉ እያለከለኩ።

«ሐኪም እስኪመጣ። የወደቀውን ከወደቀበት ሳያነሡት።»

ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ያህል ተጫኑ። ከዚያ እጃቸው ቀስ አለ። ቆመ። ጆንያውን አዩት፤ ፊት የለውም። ቀና ብለው ዩሱፍን አዩ፤ ዩሱፍ ምቱን አላቆመም፤ ፊቱ ግን እርጥብ ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። 

«ታዬ፣ ያኔ ፈላና በር…»

አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«እርስዎ የያዙት ቀኝ እግራቸውን ነበር፣ አሥር አለቃ» አልኳቸው። «ልብ እግር ላይ የለም። ክንድዎን ቀጥ ያድርጉ፤ አያቁሙ።»